የብርጓል የሰፋችው አፎት

የብርጓል ተቀምጣ ነገር የምትጨርስ ሴት አልነበረችም። ሽሮ እያማሰለች ደጅ ትወጣለች፤ ልብስ እያጠበች የጎረቤት ወሬ ለመስማት አጥር ድረስ ደርሳ ትመለሳለች። ይህ ዐመሏ በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈትል ክፍል ጠቅሟታል። ከማሽን ማሽን እየተመላለሰ የተበጠሰ ክር ለሚቀጥል ሰው መቀመጫ ምን ያደርግለታል? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ቆማ እንጀራዋን በልታለች። ባሏ ክንዱ ነገረኛ ስለሆነ፣ «አንች እኮ ብትሞች እንኳ ድስቱ አረረ ብለሽ መነሣትሽ አይቀርም» ይላታል።

ክንዱ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከጎንደር ቆላ ጥጥ እየጫነ ባሕር ዳር ያራግፋል። በ1970 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ጥጡ ለለቀማ ቢደርስም መንገዱ ተበላሽቶ፣ ሽፍታው በየጥጉ መኪና ማስቆም ጀምሮ ነበር። መሥሪያ ቤቱ መላ ያገኘ መስሎት ለየሾፌሩ አንዳንድ ሽጉጥ አስፈርሞ አደለ። ሽጉጡን ያስነጠቀ ሰው «ሽፍታ አስታጥቀሃል» ተብሎ እንደሚታሰርም አብሮ ተነገራቸው። እንግዲህ ይህን ጊዜ ነው ሾፌር ሁሉ እንቅልፍ ያጣው፤ ሽጉጡ ሰውየውን ይጠብቅ፣ ሰውየው ሽጉጡን ይጠብቅ አልታወቀም።

ከሽጉጡ ጋር የተሰጣቸው አፎት የሸራ ነው፤ በቀኝ ዳሌ ላይ የሚንጠለጠል፣ በእግሩ ለሚሄድ ወታደር የተሰፋ። ሾፌር ግን ተቀምጦ ነው የሚውለው። ሽጉጡ በወንበሩና በዳሌው መካከል ተሰንቅሮ ጎኑን ሲወጋው ይውላል እንጂ ቢፈልገው አያገኘውም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ የክንዱ የልብ ጓደኛ ሾፌሩ አስማማው ከአዲስ ዘመን ከተማ ወዲህ መንገድ ላይ ተገድሎ ሬሳው መጣ። ጋራዡ ሁሉ አንድ ነገር አወራ፤ ሽጉጡ ወንበር ተጭኖት አልወጣ ብሎት ነው የሞተው ተባለ። ክንዱ ከቀብር ተመልሶ እግሩን ሳይታጠብ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«የብርጓል፣ አፎት ስፊልኝ» አላት። «በግራ ወገቤ፣ ወደ ሆዴ መጣ ብሎ፣ እጀታው ወደ ቀኝ እጄ የሚያይ። ግራ እጄ መሪ እንደያዘ በቀኜ ሆዴን አቋርጬ ልምዘዘው።»

«ምን ቆርጦኝ እኔ አፎት እሰፋለሁ? ቆዳ ሰፊ መች ጠፋና!»

«በዚህ ዘመን ለማላውቀው ሰው ሽጉጥ አስለክቼ ልደር? ነገ ቀበሌ ቢጠሩኝ ምን እላለሁ? አንች የማኅደር ሰፊ ልጅ ነሽ፤ እጅሽ አያጣውም። ሰኞ ጧት እነሣለሁ።»

እውነት ነው፤ አባቷ መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት በደህናው ጊዜ የጣና ደሴቶችን መጻሕፍት ማኅደር ይሰፉ ነበር። ዳዊቱ፣ ወንጌሉ፣ ተአምረ ማርያሙ፣ በቆዳ ቤቱ ሆኖ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው በእሳቸው እጅ ያለፈ ነው። አሁን ዐይናቸው ደክሞ በልጃቸው ጓሮ ክፍል ተቀምጠዋል። የብርጓል ልጅ ሳለች ጠፍር ትነክርላቸው፣ ሰም ታቀብላቸው ነበር እንጂ አንድ ስፌት ሰፍታ አታውቅም። ሴት ልጅ ይህን ሥራ ትይዛለች ብሎ ያሰበም አልነበረም።

ያም ሆኖ ዓርብ ከፈረቃ ስትወጣ በገበያ በኩል ዞራ የለፋ የበሬ ቆዳ ይዛ ገባች። ሽጉጡን ክንዱ ጥይቱን አራግፎ ሰጣት። ጋዜጣ ላይ አስተኝታ ዙሪያውን በከሰል አሰመረች፤ ጋዜጣውን ቆርጣ ቆዳው ላይ ለጠፈች፤ በአባቷ ካራ ቆረጠች። ወስፌው ጣቷን ሁለት ጊዜ ወጋት። ሁለት ጊዜ ተሳድባ፣ ሁለት ጊዜ አማተበች። ጨርሳ በክንዱ ቀበቶ ላይ ስታስገባው እጀታው ወደ ኋላ ዞሮ የግራ ክርኑን ይመለከታል። ለካስ ጋዜጣውን የለጠፈችው በቆዳው የውስጥ ፊት ኖሯል፤ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ሆኖ አረፈ።

«ይኸ እንኳ ለግራኝ ነው» አለ ክንዱ። ከአስማማው ቀብር ወዲህ የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የብርጓል ግን አልሳቀችም፤ የቆዳው እኩሌታ ባክኖ፣ ቀኑም አንድ ተቀንሶ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ዐይኗን በጨው አጥባ አባቷ ዘንድ ገባች። ሽጉጡን የማን እንደሆነ ሳትናገር እጃቸው ላይ አኖረችው። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ሊለኩት በጣታቸው ዳበሱት፤ አፈሙዙ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የክንዱ ነው?»

«አዎ አባባ። የፈረመበት ነው። ቢጠፋበት ያስሩታል፤ ባይዘውም ያስሩታል።»

መሪጌታ ሽጉጡን መለሱላትና፣ «እንግዲህ ቆዳው ቆዳ ነው» አሉ። «ሐይቁ ዳር ወስደሽ በደንብ ንከሪው። እንደ ረጠበ ዕቃውን አቅፎ ይያዝ። በአውራ ጣትሽ እየተጫንሽ፣ በመካከላቸው ንፋስ እንዳይገባ አድርጊ። ከዚያ ጥላ ላይ ይደር፤ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል።»

እንዳሉት አደረገች። ቆዳውን ደንገል ከበቀለበት ዳርቻ፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን በሚያራግፉበት በኩል ነከረችው። ጎረቤቷ ሙኒራ ልብስ እያጠበች ነበርና፣ «የምን ቆዳ ነው ደግሞ?» ብትላት፣ «የአባባ መጽሐፍ» ብላ ዋሸቻት። ቤት ገብታ ቆዳውን ሽጉጡ ላይ ጠቅልላ፣ በጣቷ እየዳጠች፣ በጠፍር ጥብቅ አድርጋ ሰፋችው። የቀበቶ ማስገቢያውን አጋደለችው፤ እጀታው ወደ ቀኝ እጅ ቀና አለ። በዚህ ጊዜስ ጋዜጣውንም ሦስት ጊዜ ገልብጣ አይታዋለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አፎቱ ደርቆ ጠበቃት። የሚያምር ነገር ነበር፤ የሽጉጡ ቅርጽ እስከ ቃታው ድረስ በቆዳው ላይ ወጥቷል። የክንዱን ቀበቶ ራሷ ታጥቃ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ እጇን መሪ እንደያዘ ሰው ዘርግታ በቀኟ መዘዘች። ቀበቶው ተነሣ እንጂ ሽጉጡ አልወጣም። ደግማ ሳበችው፤ ቀሚሷ ተከትሎ ወጣ። በግራዋ አፎቱን ከታች ይዛ ስትጎትት ግን ሹልክ ብሎ መጣላት።

«አባባ፣ አይወጣም እኮ! በሁለት እጅ ካልሆነ አይወጣም።»

«ታዲያ መጽሐፍ በስንት እጅ ነው የሚወጣ?» አሉ መሪጌታ። «እኔ የማውቀው ማኅደር በሁለት እጅ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚከፈት።» ወዲያው ግን ነገሩ ገባቸውና አንገታቸውን ደፉ። «ለእሱ አንድ እጅ ነው ያለው፤ ልክ ነሽ። እንደገና አርጥቢውና ሽጉጡን በጨርቅ ጠቅልለሽ ክተችበት። ሲደርቅ አፉ ለቀቅ ይላል። ከእሳት ራቅ አድርገሽ ለሙቀት ብታኖሪው እስከ ማታ ይደርሳል።»

የአስማማው ለቅሶ ገና አልተነሣም ነበርና፣ ስመለስ አደርገዋለሁ ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ለቅሶ ቤት ሄደች። እዚያ የአስማማው ረዳት አዘዘ፣ በዕድሜ ባሏን የሚያህል ጎልማሳ፣ እጁን በፋሻ አስሮ ከሴቶቹ በኩል ተቀምጧል። የሟች እናት እንደ አዲስ ንገረኝ እያሉ ያስለፍፉታል።

«ስድስት ነበሩ» ይላል አዘዘ። «አንዱ የመሣሪያውን አፈሙዝ በመስኮት አግብቷል። ከፊታችን ሌላ መኪና ይዘው ነበር፤ ሾፌሩ እጁን አነሣ፣ ሽጉጡንና ሰዓቱን ገፈፉት፣ ‹ሂድ› አሉት፣ ሄደ። በዐይናችን ዐየነው። አስማማው ግን እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ።»

«ሽጉጡ አልወጣ ብሎት ነው አሉ» አለች የብርጓል።

«ማን አለሽ? ወጥቶለት ነበር እንጂ! ወጥቶለት ነው የሞተው። ተሰንቅሮ ቀርቶ ቢሆን ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር ይቀመጥ ነበር።»

የብርጓል እንዴት ቤቷ እንደደረሰች አታውቅም። ውሃውን በገበቴ ቀዳች፤ ጨርቁን ቀደደች፤ አፎቱን አነሣች። አስቀመጠች። ደጅ ወጥታ ተመለሰች። ክንዱ ይህን ነገር የሰፊ ልጅ ነሽ ብሎ፣ አምኖ ነው የሰጣት። አፉን አስለቅቃ ብትሰጠው በአንድ እጁ ይመዝዘዋል፤ የክንዱን እጅ ታውቃለች፣ ከአስማማው እጅ የባሰ ችኩል ነው። ባታስለቅቀው ሽጉጡን ይወስዱበታል፤ ያስሩታል። በእሷ ጦስ ይታሰራል። እስር ቤት ግን ስንቅ ይወሰዳል፤ መቃብር ምን ይወሰዳል? ይህን ካሰበች በኋላ ውሃውን ጓሮ ጎመኑ ላይ ደፋችው። አፎቱን ከውጭ በኩል ሰም ቀባችው፤ እስኪያብለጨልጭ ወለወለችው። ባሏን አታለለች፤ ሌላ ስም የለውም፤ እሷም ሌላ ስም አልሰጠችውም።

ክንዱ ጎማ ሲያስቀይር አምሽቶ ደክሞት ገባና ተኛ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ቀበቶውን ራሷ አስታጠቀችው፤ ሽጉጡ ውስጡ ነበር። ክንዱ ወደ ታች አየው፣ እጀታውን መታ መታ አደረገ። «አባትሽን መስለሻል» ብሎ ግንባሯን ሳማት። ያ መሳም እሳት ሆኖ ቆየባት።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘጠኝ ቀን ቀን አይባልም። ፈትል ክፍል ክር ሲበጠስባት ዝም ብላ ታየዋለች። ከፈረቃ ስትወጣ ወደ ቤቷ በመሄድ ፋንታ ወደ አባይ ድልድይ ትወርድና ከጎንደር የሚመጣውን መኪና አንድ በአንድ ትቆጥራለች። አንድ ቀን የሰፋችው ለሞቱ መስሎ ይታያታል፤ ምናልባት ያሁኖቹ ሽፍቶች እጅ ያነሣውንም ይገድሉ ይሆናል፤ ማን ያውቃል? «ምናለ ነግሬው ቢሆን!» እያለች ብቻዋን ስታወራ ሙኒራ ሰምታ፣ «ሐኪም ቤት ልውሰድሽ?» አለቻት።

በዐሥረኛው ቀን የጋራዡ ዘበኛ መጣ። «የብርጓል፣ አትደንግጭ። ክንዱን ሽፍታ ይዞት ነበር። ሰውየው ደህና ነው፣ ሽጉጡን ከነቀበቶው ወስደውበታል። ከተማ ሲገባ ተይዞ ታሰረ።»

«ተመስገን!» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ዘበኛው እግዚአብሔር ያስፈታው ሊል አፉን ከፍቶ ሳይዘጋው ቀረ፤ ባሏ ታሰረ ሲሏት ተመስገን የምትል ሴት አይቶ አያውቅም።

ስንቅ መመላለስ ጀመረች። ከፈረቃ በፊት፣ ከፈረቃ በኋላ፣ ሳህን በፎጣ ቋጥራ። ፊቱን ግን አላሳዩዋትም፤ ሳህኑ ገብቶ ባዶውን ይወጣል፣ በቃ። አርባ ቀን ሲሞላ፣ አንድ እሑድ፣ በሽቦው አጥር ግራና ቀኝ ቆመው እንዲነጋገሩ ተፈቀደ። ክንዱ ከስቷል፤ ፂሙ አድጎ ሽማግሌ አስመስሎታል። የብርጓል ደህና ነህ ወይ እንኳ አላለችውም።

«ክንዱ፣ አንድ ነገር አድርጌብሃለሁ። አፎቱ ጠባብ ነበረ። ዐውቄ ነው። ማስለቀቅ እችል ነበር፤ አባባ ነግረውኛል። ከአስማማው ለቅሶ መጥቼ ሆን ብየ ተውሁት። የታሰርኸው በእኔ ነው።»

ክንዱ ጣቶቹን በሽቦው ላይ አንጠለጠለ።

«የአባይን ድልድይ ሳልሻገር ነው ያወቅሁት» አላት። «ፍተሻው ላይ ወረፋ ስጠብቅ ልሞክረው ብየ መዘዝሁት። ሱሪየ ተነሣ እንጂ ሽጉጡ አልተነሣም።»

«ታዲያ?»

«ምላጭ ኪሴ ውስጥ ነበረ። አንድ ሁለት ስፌት ብበጥስ ይወጣ ነበር። በየቆምሁበት ምላጩን አወጣሁት፣ መለስሁት። አስማማው ከእኔ ይልቅ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር፤ እሱ እጁን መያዝ ካልቻለ እኔ እችላለሁ? የገዛ እጄን ፈራሁት የብርጓል። እንዲያው ተይዞልኝ ይኑር ብየ ተውሁት።»

የብርጓል ደሟ ፈላ። «እኔ አሳሰርሁት እያልሁ ሥጋየ ሲያልቅ፣ አንተ እያወቅህ ነው? አርባ ቀን? በስንቅ አቀባዩ አንዲት ቃል ብትልክብኝ ምን ነበረበት?»

«አንችስ ጧት ስታስታጥቂኝ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ጠባቂው ሰዓት ደርሷል እያለ መጣ። ክንዱ ባዶውን ሳህን በሽቦው ሥር አሾልኮ ሰጣትና ጎንበስ እንዳለ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሲለቁኝ ሌላ ሽጉጥ ማስፈረማቸው አይቀርም» አላት። «ያንኑ ስፊልኝ። አፉን እንዳታስለቅቂው።»

የብርጓል ሳህኑን በፎጣው ቋጥራ በእሽታ ራሷን ነቀነቀች።