የእታፈራሁ ገደኛ እጅ

መቱ መናኸሪያ አካባቢ፣ ከአንዱ የቤቲንግ ቤት ጎን፣ በቆርቆሮ የተከለለች ሻይ ቤት አለች። የእታፈራሁ ናት። እታፈራሁ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ ሻይ ስታፈላና ቦምቦሊኖ ስትጠብስ አንድም ቀን ትኬት ቆርጣ አታውቅም። ማን ገብቶ ማን እንደሚወጣ ግን ከማንም በላይ ታውቃለች። እየሳቀ የሚወጣው በወር አንድ ቢገኝ ነው፤ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ይመጣና ሻዩን በዱቤ ይጠጣል።

ጣጣው የመጣው በነመራ ነው። ነመራ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። አንድ ቅዳሜ አሥራ አንድ ጨዋታ መርጦ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲያመነታ፣ ሻዩን ሳይጨርስ ወንበሯን ይዞባት ዋለ። «እኩል ይውጡና ተገላገል» አለችው። እንዲነሳላት ብላ እንጂ እነማን እንደሚጫወቱ እንኳ አታውቅም። እኩል ወጡ። ነመራ ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር አገኘ። በማግስቱ መጥቶ ቀኝ እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሻይ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማው፣ «ሀርኪ ኬሰን ሚልኪ ቀባ፣ እትዬ። እጅዎ ገደኛ ነው» አላት።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣች። ድሮ አንዱ የቡድኖቹን ውጤት በደብተር ሲመዘግብ፣ ሌላው በቴሌግራም ላገኘው አጭበርባሪ እየከፈለ ውጤቱ «ያለቀለት ጨዋታ» ሲገዛ ነበር፤ አሁን ሁሉም ያንን ትቶ ወረቀቱን ይዞ ወደ እሷ ሆነ። ምንም ሳያዝ «እስቲ ዳሰስ ያድርጉልኝ» የሚል ሞልቷል።

«ዕድላችሁ እንዲሻሻል ከፈለጋችሁ መንገዱ አንድ ነው፤ በዚያ በር አትግቡ» ትላቸዋለች። ይስቃሉ። ትሕትና ይመስላቸዋል። ተሸንፈው ትኬታቸው ሲቃጠል ደግሞ ጥፋቱ የእጇ አይደለም፤ ወይ በግራ ነክታው ነው፣ ወይ እጇ እርጥብ ነበር። ይህን ከሚያምን ሰው ጋር ምን ብሎ መከራከር ይቻላል? እሷም ከንዴት በቀር ያተረፈችው ነገር የለም።

ሌላውስ ይቅር፤ ያንገበገባት አምባዬ ነው። አምባዬ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርና ያሳደገችው እሷ ናት። የሰው ባጃጅ ይነዳል። ዳሪሙ ከተማ ትንሽ ሱቅ ያላት ሊቺ ከምትባል ልጅ ጋር ቃል ከተገባቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሽማግሌ ለመላክ ያጠራቀማትን ሁሉ ግን ያቺ የትኬት መስኮት ትውጥበታለች። ሊቺ በመጨረሻ ደውላ፣ «ሚያዝያ ሳይወጣ ሽማግሌ ካልላክህ አልጠብቅህም» አለችው። ጋሽ ዲበኩሉ የሚባሉ የሰፈር ሽማግሌ የወሩን የመጨረሻ እሑድ ቆርጠው ሊሄዱለት ተስማሙ። አምባዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አንቺ ከነካሽልኝ እኮ ብሩ እጥፍ ይሆናል፣ እትዬ።»

እዚህ ላይ ነው እታፈራሁ የተሳሳተችው። እጇ ገድ የሌለው እንጨት መሆኑን ላሳየው ብላ አሰበች።

«ሃምሳ ብር ብቻ። መራጯም እኔ ነኝ። ከተቃጠለ ግን ሁለተኛ በዚያ በር አትገባም፤ በእናታችን ማልልኝ።»

ማለላት። «ማንም የማይመርጠው ቡድን የቱ ነው?» ብላ ጠየቀችው፤ ሦስት ነገራት፤ ሦስቱንም ያሸንፋሉ ብለህ ቁረጥ አለችው። አምባዬ ሃምሳ ብሩ እያሳዘነው ቆረጠ።

ሦስቱም አሸነፉ። አምባዬ አሥራ ስምንት ሺህ ብር ይዞ እየዘለለ ሲመጣ እታፈራሁ ተቀምጣ አለቀሰች።

«አግኝተን እኮ ነው፣ ምን ያስለቅስሻል?»

«በል ሳይውል ሳያድር ለሊቺ ጉዳይ አውለው» አለችው። እሺ አላት። የማለው ቢቃጠል ነበር፤ አልተቃጠለም።

ዓርብ ዕለት ሰላም ሊላት መጥቶ ሲጨብጣት፣ በእጁ የደበቀው ትኬት መዳፏን ቆረቆራት። እጇን መንጭቃ ሳትጨርስ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። እሑድ ጠዋት ጋሽ ዲበኩሉ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ሻይ ቤቷ በር ላይ አምባዬን ጠበቁት። ስልኩ ዝግ ነው። እታፈራሁ ስትፈልገው ባጃጁ ውስጥ ኩርምት ብሎ አገኘችው።

«ብሩን ሁሉንም ቆረጥክበት?»

«ሁሉንም። ያጠራቀምኩትንም ጨምሬ።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «ወደሽ ብትነኪልኝ ኖሮ ትኬቱ ያሸንፍ ነበር። ሳትፈቅጂ ስለጨበጥኩሽ ነው።»

በጥፊ ልትለው እጇን አንስታ መለሰችው። እጇን እንኳ ጠላችው።

ለጋሽ ዲበኩሉ ታሟል አለቻቸው። አላመኗትም፤ ግን አላሳፈሯትም። «እነሱ እኮ ዘመድ ጠርተው ነው የሚጠብቁን፣ ልጄ። ደውዬ እስከ መጪው እሑድ እንዲጠብቁን ልለምናቸው። ከዚያ ወዲያ እኔንም አትጥሩኝ» ብለው ኮታቸውን ቆልፈው ሄዱ።

እታፈራሁ ያን ቀን ሻይ አላፈላችም። ከስኳሩ ጣሳ ሥር ያስቀመጠቻትን ሁለት ሺህ ብር አወጣች። ለሽማግሌ መላኪያም፣ ለልብስም፣ ለምንም አትበቃም። የሚያበድራት የለም፤ ሰዉ ሁሉ የእሷው ባለዕዳ ነው። ብሩን ይዛ እንደተቀመጠች አንድ ሐሳብ መጣባት፣ አባረረችው፣ ተመልሶ መጣ። የነመራው አንድ። የአምባዬ ሦስት። ወዳ ከመረጠችው አንድም የተቃጠለ የለም። እንዲህ እያለች እንደምትቆጥር ስታውቅ በራሷ አፈረች፤ መቁጠሯን ግን አልተወችም።

ትኬት ቆራጯ መሲ ጠዋት ጠዋት የእታፈራሁን ሻይ የምትጠጣ ልጅ ናት። እታፈራሁ የቤቲንግ ቤቱን በር ከፍታ ስትገባ አየቻትና፣ «እትዬ፣ ዛሬ ሻይ አላዘዝኩም እኮ» አለቻት።

እታፈራሁ ሁለት ሺህ ብሩን በመስኮቱ አስገባችና፣ ማንም የማይመርጠው ቡድን የቱ እንደሆነ ጠየቀቻት።