በሲሚንቶ ላይ የተቀመጠው ፓርቲ

አጎቴ ጆታም ቪራ ፓርቲ የመሠረተው ሥልጣን አምሮት አይደለም። ይህ አስቀድሞ ይታወቅልኝ፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ስድብ ስለሚመስል። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። በደሴታችን የእናት ወንድም አባትም ዳኛም ነው፤ አይሰደብም። ስለዚህ የምሰድበው ፓርቲውን ነው። እሱ እዚያ ውስጥ ከተገኘ የራሱ ጉዳይ ነው።

ፓርቲው የወደብ ፓርቲ ይባላል። ፕሮግራሙ አንድ መስመር ነው፦ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ይሠራልን። ሁለተኛ መስመር ኖሮት አያውቅም። አጎቴ ሚስቱን ኤልሲን ያጣው በወደብ እጦት ነው። ሦስተኛ ልጇን ስታምጥ ነገሩ ጠናና ወደ ትልቁ ደሴት ሐኪም ቤት ትሂድ ተባለ። መርከቧ መጥታ ቆማለች፤ ከባሕሩ ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ያለውን ያህል ብትርቅ ነው። ማዕበሉ ግን ጀልባ አላስወጣ አለ። ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። በማግስቱ ካፒቴኑ ጡሩምባውን ነፍቶ ሄደ፤ ኤልሲም እዚያው ጥቁሩ አሸዋ ላይ፣ ምንጣፏ ላይ እንደተኛች፣ ከነፅንሷ ሞተች። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ የያዝኳት እኔ ነኝ።

ዓመት ሳይሞላት አጎቴ ፓርቲ መሠረተ። በደሴታችን ማዕረግ የሚገኘው አሳማ በመግደል ነው፤ እሱም ለዚያ ብሎ ስንት ዘመን ያሳደገው፣ ጥርሱ ዞሮ ክብ የሠራ አሳማ ነበረው። ማዕረጉን ትቶ በምሥረታው ቀን ለፓርቲው ገደለው። አርባ ሦስት ሰው ተሰብስቦ በላ፤ ምልክታችን መልህቅ ይሁን ተባለ። አጎቴ ሰው ፊት ሲቆም ጉሮሮው የሚዘጋ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን «መርከብ እዚህ ገመድ እስክትጥል ይህ ፓርቲ አይፈርስም» አለ። አልፈረሰም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያው ምርጫ አሸነፍን። ያቆምነው ዕጩ አፈ ቅቤ የሆነ የቀድሞ ሰባኪ ነበር። ዋና ከተማው ፖርት ቪላ በገባ በሦስተኛው ወር ወደ መንግሥት ወገን ተሻገረና «ወደቡን የማመጣላችሁ ከውስጥ ሆኜ ነው» ብሎ ላከብን። ከውስጥ ሆኖ ያገኘው አንድ አዲስ መኪና ብቻ ነው። እሱንም ሊያሳየን ፈልጎ ነበር አሉ፤ ማውረጃ ወደብ ስለሌለን መኪናው እዚያው ቀረ፣ ሰውየውም አብሮት ቀረ። በሁለተኛው ተሸነፍን። በሦስተኛው አሸነፍንና አንድ መሐንዲስ ተላከልን፤ ሲለካ ውሎ ወደቡ በሚሠራበት ዐለት ላይ በቀይ ቀለም የመስቀል ምልክት አድርጎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ምልክቱን ግን አጎቴ በየዓመቱ ቀለም ያድሰዋል።

በአራተኛው ምርጫ ዋዜማ መንግሥት ሦስት መቶ ከረጢት ሲሚንቶ ላከ። ደሴቱ በደስታ ሰከረ። ታዲያ ያ ወደብ የሚሠራበት ሲሚንቶ በምን ይውረድ? ወደብ የለማ! በጀልባ እየተጫነ በማዕበሉ መሀል ወጣ። ግማሹ ባሕር ገባ፤ የወጣውም እርጥበት ጠጥቶ ስለነበር ሳምንት ሳይሞላው ከነከረጢቱ ደረቀ። ወረቀቱ ተበጣጥሶ ካለቀ ቆይቷል፤ ድንጋዮቹ ግን የከረጢት ቅርጻቸውን እንደያዙ ዛሬም ባሕሩ ዳር ተደርድረዋል። የወደብ ፓርቲ ጉባኤውን የሚያካሂደው እነሱ ላይ ተቀምጦ ነው። የቀሩትን ምርጫዎች አልዘረዝርም፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን የሚወፍር አንድ ሰው ነበር፤ ጋራይ ይባላል፣ ባለ ጀልባው። ከባሕሩ ዳር እስከ መርከቧ ሰውም ጭነትም የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ በነፍስ ወከፍ አምስት መቶ ቫቱ ይቀበላል። ወደብ ከተሠራ ጋራይ ከሥራ ውጭ ነው። ሞኝ ስላልሆነ በመጨረሻው ምርጫ ራሱ ተወዳደረ።

ጋራይ ተወዳደረ ሲባል የእኛዎቹ ምን አደረጉ? ተሰነጠቁ።

የአጎቴ ልጆች ሁለት ናቸው። ኬንስሊ የበኩሩ ነው፤ ሊቀመንበርነቱን ከአባቱ ተረክቦ ነበር። ታናሿ ሮሌናስ ነርስ ናት። እናቷ የሞተችበትን ነገር ተምራ ልትመለስ ነው የሄደችው፤ ተምራም ተመለሰች። ለዕጩነት የታጨችው እሷ ነበረች። በጉባኤው ቀን ልትናገር ስትነሳ ኬንስሊ «ቆይ፣ ሻዩ ፈላ እንዴ?» አላት፤ ስድሳ ሰው ፊት። ሮሌናስ ማንቆርቆሪያውን አምጥታ እግሩ ሥር አስቀመጠችና ሄደች። በሳምንቱ «እውነተኛው የወደብ ፓርቲ» የሚባል መሠረተች፤ የአሮጌው ዕጩ ኬንስሊ ራሱ ሆነ። የአሮጌው ምልክት መልህቅ ነው፤ የአዲሱ መልህቅ ከነገመዱ። የደረቀውን ሲሚንቶ እንኳ ተካፈሉት፤ የሰሜኑ ረድፍ የሱ ሆነ፣ የደቡቡ የሷ።

አጎቴ በሁለቱ ረድፎች መካከል አሸዋው ላይ ተቀምጦ ሊያስታርቃቸው ሞከረ። እኔም ነበርኩ።

«ሮሊ፣ ወንድምሽ እኮ ነው» አላት።

«ወንድሜ ነው፤ ሊቀመንበሬ ግን አይደለም።»

«ኬንስሊ፣ አንተስ?»

«እኔ ምን አደረግኩ አባዬ? ሻይ መጠየቅ ወንጀል ሆነ?»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው» አለ አጎቴ።

«ታብር በላት! በሩ ክፍት ነው።»

«የቱ በር? ማንቆርቆሪያው የሚገባበት?» አለች ሮሌናስ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» አልኩ እኔ። «ጋራይ ጀልባው ላይ ሆኖ እየሳቀባችሁ እኮ ነው።»

«ይሳቅ፤ ሲደክመው ይተዋል» አለችኝ።

ሁለቱም ለምርጫ ፖስተራቸው አባታቸውን አጠገባቸው አቁመው ፎቶ ተነሡ። አጎቴ በሁለቱም ፖስተር ላይ ያው ነጭ ሸሚዝ፣ ያው የጨነቀው ፊት ነው። ሰዉም ሲያልፍ «ጋሽ ጆታም፣ ለመሆኑ እርስዎ የየትኛው ነዎት?» እያለ ይጎነትለዋል። እሱ ሲመሽ ካቫውን፣ ያንን የሚያደነዝዝ የሥር መጠጣችንን፣ ጨልጦ ወደ ቤቱ ይገባል።

የምርጫ ጣቢያው የማስተምርበት ትምህርት ቤት ነው፤ ኃላፊዋም እኔ ነኝ። እኛ ጋ መራጭ ወረቀት ላይ ምልክት አያደርግም። እያንዳንዱ ዕጩ ፎቶውና የፓርቲው ምልክት ያለበት የራሱ ወረቀት አለው። መራጩ ሁሉንም ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል፤ የሚፈልገውን ፖስታ ውስጥ ይከትታል፣ የቀረውን እዚያው ቅርጫት ውስጥ ይጥላል። ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

አጎቴ ያንኑ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ሦስቱን ወረቀትና ፖስታውን ሰጠሁት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ፤ አልወጣም። ሰልፉ አጥሩን አልፎ ሄደ።

«አጎቴ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» አልኩ።

«መነጽሬ ነው፣ መነጽሬ» አለ ከውስጥ።

«ጋሽ ጆታም፣ ካቫ እየጨመቁ ነው እንዴ እዚያ ውስጥ?» አለ ከሰልፉ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ። በመጨረሻ ወጣ፤ ፖስታውን ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ማንንም ሳያይ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ በታዛቢዎች ፊት ቆጠራው ተጀመረ። ፖስታ የምከፍተው እኔ ነኝ። ወደ መጨረሻው ላይ አንዱን ስከፍት ሁለት ወረቀት ወጣ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ታጥፎ። ኬንስሊና ሮሌናስ። ሁለት ወረቀት ያለበት ፖስታ ይሰረዛል፤ ሕጉ ነው፣ ሰረዝኩት።

«የማን ጅል ነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ የኬንስሊ ታዛቢ።

«የእናንተው ነዋ! ማንበብ የማይችል የሚመርጠው እናንተን ነው» አለው የሮሌናስ።

ውጤቱ እነሆ፤ ጋራይ መቶ አርባ ስምንት፣ ሮሌናስ መቶ አርባ ሰባት፣ ኬንስሊ መቶ ሠላሳ አንድ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጋራይ ሜዳውን አቋርጦ መጣና የአጎቴን እጅ ጨበጠ። «አይዞዎት ጋሽ ጆታም፣ ወደቡን እኔ አሠራዋለሁ። ይቺ ጀልባዬ ብቻ ታርጅ» አለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ስናገር ደሜ ይፈላል። መንደሩ ሁሉ ሥራውን ትቶ ያንን የተሰረዘ ፖስታ ያስገባውን ሰው ሲፈልግ ሰነበተ። ያ ሰው ባይሳሳት ኖሮ ሮሌናስ እኩል ትወጣ ነበር፣ እኩል ብትወጣ ምርጫው ይደገም ነበር፣ ቢደገም... ዓይኑ የደከመ አሮጊት ሁሉ ተጠረጠረች። መቶ አርባ ሰባትና መቶ ሠላሳ አንድ ሲደመር ስንት ነው? የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼን ጠየቅኳቸው፤ ሳያቅማሙ ሁለት መቶ ሰባ ስምንት አሉኝ። ይህንን ድምር ግን ከሁለቱም ረድፍ የሚደምር አዋቂ ጠፋ። አንዲቷን ድምፅ ፍለጋ ሁለት መቶ ሰባ ስምንቱን ረግጠው ያልፋሉ!

ቅዳሜ ዕለት ለአጎቴ ያም የሚባለውን የእኛን ድንች ትንሽ ቀቅዬ ኮኮናት ወደሚያደርቅበት ዳስ ወሰድኩለት። እሳቱን ይቆሰቁሳል። ቀና ሳይል ተናገረ።

«የእህቴ ልጅ፣ ያ ፖስታ የኔ ነው።»

«የቱ ፖስታ?»

«ሁለት ያለበት።»

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋራይን ወዲያው ጣልኩት፤ እሱ አላስቸገረኝም» አለ። «ከዚያ ኬንስሊን ልጥል ስል ፊቱ ቀና ብሎ አየኝ። ቅርጫቱ ውስጥ ጋራይ አለ፤ እሱ ላይ ልጥለው ነው። መለስኩት። ሮሊን አነሳሁ። አፍንጫዋ የኤልሲ ነው። ቁርጥ የኤልሲ።»

«እና ሁለት እግር አለኝ ብለህ ሁለት ዛፍ ወጣህ!»

«ልጄን ቅርጫት ውስጥ ልጣል?»

«ወረቀት እኮ ነው አጎቴ! ወረቀት!»

«ፎቶ አለበት» አለኝ።

ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። እሱ ግን «የእኔን ጥፋት በእነዚያ አሮጊቶች ላይ እያላከኩ ነው፤ እናገራለሁ» አለ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱንም ሲሚንቶው ጋ ጠራቸው። ኬንስሊ በሰሜኑ ረድፍ፣ ሮሌናስ በደቡቡ ተቀመጡ። አጎቴ መሀል ቆሞ ነገራቸው። ጉሮሮው ሁለት ጊዜ ተዘጋበት፤ ግን ጨረሰው። የአፍንጫዋን ነገርም አልተወም።

ሮሌናስ እጇን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። እኔ በልቤ፣ ተመስገን፣ ይኸው አሁን ተላቅሰው ሊታረቁ ነው አልኩ። እንዲህ ብዬ ስንት ዓመት ተሞኝቻለሁ።

ኬንስሊ ወደ እኔ ዞረ። «ፖስታውን የከፈትሽው አንቺ ነሽ አይደል? የማን ነበር ከላይ?»

«እውነቷን ትናገር» አለች ሮሌናስም። «አንዱ በአንዱ ውስጥ ታጥፎ ነበር ተብሏል። የውጪው የማን ነበር?»

ትዕግሥቴ እዚያ ላይ ተበጠሰ። «የጋራይ!» ብዬ ጮህኩ። «ከላይ የነበረው ጋራይ ነው! ዛሬም ከላይ ያለው እሱ ነው! አባታችሁ ቅርጫት ውስጥ የጣለውን እናንተ እርስ በርስ ስትጣጣሉ ነው ያወጣችሁት!» አጎቴ ክርኔን ያዝ አድርጎ «ይበቃል የእህቴ ልጅ፣ ይበቃል» አለ።

ሰኞ ጠዋት መርከቧ ጡሩምባዋን ነፋች። ሮሌናስ ጤና ጣቢያዋ ያስተኛቻት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ገና የመጀመሪያዋ ነው፣ ልጅቷን ሌሊቱን ሙሉ ምጥ ይዟት ልጁ አልዞር ብሏል። በምንጣፍ ይዘዋት ወደ ባሕሩ ዳር ወረዱ። ማዕበሉ ከፍ ብሎ ነበር፣ ግን ጀልባ ያስወጣል። የተከበረው የሕዝብ ተወካይ ጋራይ ሞተሩን ይዞ «ቶሎ በሉ!» ይላል። ባልየው የምንጣፉን አንድ ጫፍ ሲያነሳ እርጥቡ አሸዋ አንሸራተተው። ኬንስሊ ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ገፋ አደረገውና ጫፉን ተቀበለ። ሌላውን ጫፍ የያዘችው ሮሌናስ ናት። እስከ ደረታቸው ገቡ። አንድ ማዕበል መጣና ሸፈናቸው፤ ምንጣፉ ግን ከላይ፣ ከራሳቸው በላይ ነበር። ልጅቷን ጀልባው ላይ አደረጓት፤ ሮሌናስ አብራት ወጣች፣ ኬንስሊ ተመለሰ። አልተነጋገሩም፤ እንዳልተነጋገሩ አይቻለሁ።

አጎቴ ዐለቱ ጋ ቆሞ ነበር፤ የቀይ ቀለሙን ጣሳ በእጁ ይዞ። ጀልባዋ መርከቧ ጎን እስክትደርስ ድረስ አልተነፈሰም። ከዚያ ተንበርክኮ የመሐንዲሱን መስቀል መቀባት ጀመረ።

«ቀጣዩ ምርጫ መቼ ነው?» አለኝ።

ነገርኩት።

«የምርጫው ሰዎች አንቺን ያውቁሻል አይደል? እስቲ ጠይቂልኝ» አለ፣ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ እየነከረ። «ፎቶውን ያስቀሩልኝ። ያለ ፎቶ ከሆነ እኔ መምረጥ አያቅተኝም።»