ሹራብ ለባሹ ተሳፋሪ

በጠራራ ፀሐይ ወፍራም ሹራብ ለብሶ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው አለ። ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጀርባ፣ መስኮቱ ጥግ ይቀመጣል። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል። "ወንድሜ፣ በረደህ እንዴ?" እያሉ ሲያሾፉበት ፈገግ ይላል። የሚሠራው ባንክ ምድር ቤት ነው፤ የባንኩን ሒሳብ ሁሉ የሚይዘው፣ ቁም ሣጥን የሚያክለው ሜይንፍሬም ኮምፒውተር እንዳይግል ሌት ተቀን በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ።

አንድ ጠዋት አጠገቡ ተቀምጬ፣ ሳልጠይቀው አወራኝ።

"ዓለም ሁሉ በነጻ የሚጠቀምበት፣ የፈለገ ሁሉ የሚያርመው ፕሮግራም አለ። ሜይንፍሬም ላይ የሚያሠራውን ክፍል ስንት ዓመት ቤቴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩለት። ሲሠራ ግን አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።"

"ለምን? ማሽኑ እናንተ ጋ አለ አይደል?"

"አለ። ለሙከራ ትንሽ ቦታ ስጠኝ እያልኩ አለቃዬን ደጅ ስጠና ኖርኩ። 'የሰው ገንዘብ ባለበት አይሞከርም' ይለኛል። እውነቱን እኮ ነው። ግለሰብ ደግሞ ይህን ማሽን ከየት ያመጣዋል?"

ስልኩ ጮኸ። አነበበና ለእኔ ሰጠኝ። መልእክቱ ፕሮግራሙን ከሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ነው፦ "የሜይንፍሬሙን ክፍል ከዛሬ ጀምሮ ሰርዘነዋል። ማሽኑ አጠገብ ሆኖ የሚሞክርልን ሰው አጣን።"

ስልኩን ተቀበለኝ። የሹራቡን ቁልፎች አንድ በአንድ እስከ አንገቱ ቆለፈ።

"ወራጅ አለ!" አለ፤ ወርዶም ቀኑን ሙሉ ማሽኑ አጠገብ ሊውል ሄደ።