መደዳችንን ሁሉ የጫነው ባለ ሁለት ፎቅ አውሮፕላን

ማክሰኞ ንጋት፣ ሲኒማ ራስ

ሰማዩ ገና አልነጋም፣ ሲኒማ ራስ ግን ቀድሞኝ ነቅቷል። ጭነት የተሸከሙ ወዛደሮች «ዞር በሉ!» እያሉ በመሃላችን ሰንጥቀው ያልፋሉ፣ ሚኒባሶች ሞተር ያሞቃሉ፣ አንዱ ሱቅ ከፍቶ ደጁን ውሃ እየረጨ ነው። አክስቴ ሙንተሃ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛ ታክሲው ድረስ ሸኘችኝ።

«ስሚ ሀያት። ምን ልትገዢ ነው የምትሄጂው ላለሽ ሁሉ፣ ለሕክምና ነው በይ። የተማሪ ቦርሳ የምትለዋ ቃል ካፍሽ እንዳትወጣ።»

«የታመምኩ እመስላለሁ?»

«እስክትመለሺ ምሰያ።»

በኛ የሱቅ መደዳ ሕጉ ይኼ ነው። ነጋዴ ምን ሊያስመጣ እንደሆነ አይናገርም። ከተናገረ ዕቃው ገና ጅቡቲ ሳይደርስ ጎረቤቱ ያንኑ ሰቅሎ ይጠብቀዋል። አክስቴ ለዓመታት ቻይና እየተመላለሰች የገዛችው እንዲህ አፏን ዘግታ ነው። አሁን ጉልበቷ አስቀራት፣ ተራው የኔ ሆነ። ትምህርት ሳይከፈት የሚደርስ ቦርሳ ካስጫንኩ ግዢው ከዚህ በኋላ የኔ ነው። ካልሆነ ልጇ ሙኒር ይሄዳል፣ እኔ ወደ ባንኮኒዬ። ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ መዋል ደግሞ ለኔ እስር ቤት ነው።

«ቻይና? ብቻሽን?» አለኝ ሾፌሩ፣ ወዴት እንደምሄድ ስነግረው።

«ብቻዬን።»

«አትፈሪም?»

«አንተ አውቶቡስ ተራ ስትነዳ ትፈራለህ?»

«እሱማ በጣም» አለና ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ፣ ትራንዚት

ከቦሌ የተነሳው አውሮፕላን ትንሽ ነበር፣ ስለሱ የምጽፈው የለኝም። አውሮፕላን ከምንቀይርበት ከዚህ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ የሚወስደን ግን በመስታወቱ ማዶ ቆሟል። ሁለት ረድፍ መስኮት፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ሆዱ የወፍራም ዓሣ ሆድ ነው። ጎማ ሥር የቆሙት ሠራተኞች ከዚህ ሲታዩ የጥርስ እንጨት ያክላሉ።

እነዚህ ግዙፎች በኮሮና ጊዜ መንገደኛ ጠፍቶ በረሃ ላይ ቆመው ነበር። ነዳጅ ይበላሉ፣ ከእንግዲህ አይመለሱም ሲባል ሰምቻለሁ። አሁን መንገደኛው በዛና አየር መንገዱ አንድ በአንድ እየቀሰቀሳቸው ነው። ለዓለም ጥሩ ዜና ነው። ለኔ ግን ምን እንዳመጣ የገባኝ ሰልፉን ሳይ ነው። ፊቴ የቆመው መደዳችን ነበር።

ድሮ የመደዳችን ነጋዴዎች በትናንሽ አውሮፕላን ሁለትም ሦስትም እየሆኑ፣ በየሳምንቱ ተበታትነው ነበር የሚሄዱት። ዘንድሮ የትኬት ቢሮዋ ልጅ «ትልቁ ተመልሷል፣ ቦታ ሞልቷል» እያለች ለሁሉም በአንድ ቀን ሸጣላቸዋለች። ከሱቃችን ፊት ለፊት ያሉት ጅምላ አከፋፋይ ጋሽ ከድር አሉ። ከኛ ወረድ ብለው የሚሸጡት እትዬ ብርቄም አሉ። ተያየንና ሁላችንም አፈርን።

«ዓይኔን ልታይ ነው» አሉ ጋሽ ከድር፣ ከሩቅ የተሰቀለውን የበረራ ሰሌዳ እያነበቡ።

«የእህቴ ልጅ ሰርግ አለ» አሉ እትዬ ብርቄ።

እህታቸው አንድ ናት፣ ልጇን አውቀዋለሁ። ገና ስድስተኛ ክፍል ነው።

ሰማይ ላይ

ወንበራችን ታች ፎቅ ነው። ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ በገመድ ተዘግቷል። ላይ ያሉት ተኝተው ነው አሉ የሚሄዱት። አስተናጋጇ የገርጂ ልጅ ሆና ተገኘች፣ ስለዚህ ጋሽ ከድር በአማርኛ ያዟት።

«የኔ ልጅ፣ ቆሞ የከረመ መኪና ባትሪው ይሞታል። ይኼስ?»

«አይዞዎት አባባ፣ ፈታትተው ፈትሸው ነው የመለሱት።»

«ስለኔም መኪና ጋራዥ ቤት እንዲሁ ይሉኛል» አሉና ቀበቷቸውን አጠበቁ።

ሲነሳ አላወቅሁም። ሚኒባስ እንኳ ከዚህ በላይ ያንገጫግጫል። ውጭውን ሳይ መሬቱ ወርዷል፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ሻንጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ ተንሳፍፏል። ደስ አለኝ። መቀመጥ የማልወደው ልጅ ሁለት ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተራመድኩ። ከራት በኋላ (ዶሮ በሩዝ፣ ጨው የለውም) እትዬ ብርቄ ቆሎ አዞሩ፣ ወሬውም ተጀመረ።

«አንቺስ ሀያት» አሉኝ ጋሽ ከድር፣ «ምን ልትገዢ ነው?»

ሕክምና ልል አፌን ከፈትኩ። ውሸቱ አስጠላኝ።

«የተማሪ ቦርሳ።»

ቆሎ የሚቆረጥም ሁሉ አቆመ። ቀጥሎ ጋሽ ከድር ሳቁ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«በቃ፣ ሙንተሃ አሠልጥናሻለች!»

«እውነቴን ነው ጋሼ።»

«እሺ፣ ቦርሳ ነው» አሉና ወደ ኋላ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው፣ «ለብርዱ ወራት ብርድ ልብስ ነው የምታመጣው። ቦርሳ ካለች ቦርሳ አይደለም» አሉ። ወሬው ወንበር ለወንበር እየዘለለ ሄደ። እኔም ቆሎዬን ቆረጠምኩ። እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሌላ ምን ላድርግ?

ረቡዕ፣ ጓንዡ

ጠዋት ቦርሳ ገበያው ውስጥ ከመደዳችን ማንም የለም። ብርድ ልብስ ያለበት ሕንፃ ግን በሐበሻ ተጨናንቋል፣ በበሩ ሳልፍ ድምፃቸውን ሰምቻለሁ። እየሳቅሁ አለፍኩ። አክስቴ የነገረችኝን የፋብሪካ ናሙና ማሳያ ክፍል አገኘሁ፣ ዚፕ ጎተትኩ፣ ማንጠልጠያውን በጉልበቴ ሞከርኩ፣ ዋጋ ተከራከርኩ። ከዚያ ሻጭዋ ስልኳ ላይ የጻፈችውን አስተርጉማ አሳየችኝ። ኮንቴይነር የማይሞላ ትእዛዝ አይሰፉም። የኔ ብር ግማሹን ነው የሚሞላው።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ሌላ ፋብሪካ ብሄድ ለመስከረም አይደርስም። ተፎካካሪ በሌለበት ገበያ ብቻዬን ቀረሁ፣ ብቻዬን ደግሞ አልበቃም። ሙኒር በሐሳቤ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ታየኝ።

«ተነሺ፣ ደረጃው ይበርዳል።»

እትዬ ብርቄ ናቸው።

«እርስዎ ብርድ ልብሱ ጋ አይደሉም እንዴ?»

«አንቺ ለደንበኛ ‹ይኼ ዚፕ አይቆይም› ብለሽ ገዢ የምታባርሪ ልጅ ነሽ። አውሮፕላን ላይ ውሸት ከየት ታመጫለሽ?»

ችግሩን ነገርኳቸው፣ እዚያው ደረጃ ላይ ተስማማን። ግማሽ ኮንቴይነር እሳቸው፣ ግማሽ እኔ። ሰማያዊና ጥቁሩ የኔ፣ ሮዝና ቀዩ የሳቸው። አንዳችን የሌላዋን ዋጋ ሰብሮ መሸጥ የለም። ሻጭዋ ሁለታችንንም አስፈርማ የሚጫንበትን ቀን ያዘችልን፣ ከመስከረም በፊት ይደርሳል።

ምሳ ላይ አክስቴ ደወለች።

«ለማንም አልተናገርሽም አይደል?»

«ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

ኮንቴይነሩ መሙላቱን፣ ከማን ጋር እንደሞላሁት ነገርኳት።

«ዚፑስ?» አለች።

«ጎትቼዋለሁ። ይቆያል።»

«እንግዲያው እዛው ሳለሽ ጃንጥላም እይ፣ የሚመጣውን ግዢም ካሁኑ አስቢበት። ግን ሀያት፣ ጃንጥላውን ለብርቄ እንዳትነግሪ።»

ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እትዬ ብርቄ ሩዛቸውን እያላመጡ ቀና አሉ።

«ጃንጥላ ጥሩ ነው ሙንተሃ» አሏት።