ማርታ ከካፌ የጠፋች ሰሞን፦ ከተበላ ከተማ ወደ ሶዶ

ረቡዕ ንጋት፣ ተበላ ከተማ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። አባባ ካረፈ ወዲህ የለበስኩትን ጥቁር አውልቄ የጎረቤታችንን ቢጫ ሻሽ አስሬአለሁ። የምሄደው ሶዶ፣ ታናሽ እህቴ ማርታ ወደምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ፈተናዋን እስክትጨርስ ማንም መርዶውን እንዳይነግራት ሽማግሌዎች ወስነዋል፤ እናቴም ተስማምታለች። ትናንት ግን ከዩኒቨርሲቲው ተደወለልኝ። "ማርታ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ሰግተናል፤ ሲስተሙ ቀይ አሳይቷል፤ ቤተሰብ ይምጣ" አሉኝ።

እናቴ የተቀቀለ ጎደሬ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችኝ። "ፊቷ እንዳታለቅሺ" አለችኝ።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ በሰውና በበቆሎ ጆንያ ተጨናንቋል። ረዳቱ ሻሼን አይቶ "ሙሽሪት፣ ጠጋ በያ!" አለኝ።

"ሚዜዎቹስ የት ቀሩ?" አለ ሹፌሩ። ሰው ሳቀ። አንገቴን ደፋሁ።

በመስኮቱ የሁምቦ ኮረብታዎች ያልፋሉ። ልጅ ሳለሁ ድንጋያቸው ይታይ ነበር፤ ዛሬ ዛፍ ለብሰዋል። አባባም ዛፎቹን ከተከሉት ሰዎች አንዱ ነበር። ወደ ሶዶ ስንቃረብ አየሩ ቀዘቀዘ፤ የዳሞታ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኗል።

ሶዶ፣ ረፋድ

ከመናኸሪያ ባጃጅ ያዝኩ። የደወሉልኝ የተማሪዎች አማካሪ ወይዘሮ አስቴር ቢሯቸው ተቀበሉኝ። ከስድስተኛ ክፍል ስላላለፍኩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጥኩት። እሳቸው ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞሩት።

"ቢዝነስ ኢንተለጀንስ ይባላል፤ ስሙ አያስፈራሽ" አሉኝ። "ሬጅስትራር ውጤት ይይዛል፤ ካፌው ማን እንደበላ፣ ላይብረሪው ማን እንደገባ። ድሮ አንዱ ቢሮ የሌላውን አያይም ነበር። አሁን ሁሉም እዚህ ይገናኛል። ሲስተሙ ተማሪዋን ከራሷ ከድሮዋ ጋር ያስተያያታል። ብዙ ነገር አንድ ላይ ሲቀንስባት ቀይ ያበራል።"

የማርታ መስመሮች ይታያሉ፦ ቁርስ፣ ክፍል፣ ላይብረሪ። ሁሉም አንድ ሳምንት ላይ ቁልቁል ወርደዋል። አባባን የቀበርንበት ሳምንት ነው።

"ምክንያቱን ግን አይነግረንም። ለዚያ ነው የጠራሁሽ።"

ነገርኳቸው። ድምፄ ስለማይወጣ ጠጋ ብለው ሰሙኝ።

"እሷ አልሰማችም?"

"አልሰማችም።"

"ልጄ፣ እስቲ መስመሩን እንደገና እዪው።"

አየሁት። የወረደው በዚያው ሳምንት ነው፤ ሰምታለች ማለት ነው።

ማርታ ተጠርታ መጣች። ከስታለች። ሻሼን አየችና በወላይትኛ "ይሄ የማን ነው?" አለችኝ።

"አባባ ባረፈበት ሳምንት የአገራችን ልጅ 'እግዜር ያጽናሽ' ብሎኛል" አለች። "በደወልኩ ቁጥር ግን አባባ እርሻ ሄዷል፣ ተኝቷል ትሉኛላችሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ለኔ ብላችሁ ነው የደበቃችሁት። ማወቄን ብትሰማ እማዬ ትሰበራለች ብዬ ነዋ።" ዓይኗን አበሰች። "ትምህርቱን ልተወው ነው። መሬቱን ማን ያርሳል?"

"እኔ!" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ጮክ ብሏል፤ በር ላይ ያሉ ተማሪዎች ዞረው አዩኝ። "መሬቱን እኔ ይዣለሁ። በቆሎው በቅሏል። አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ።"

ተቃቅፈን አለቀስን። ወይዘሮ አስቴር ጥቂት ጠብቀው፣ ከትምህርት ክፍሏ እስከ ሰኞ ፈቃድ እንደሚጠይቁላት፣ ያመለጣትን ፈተናም ሜካፕ በሚባለው ማካካሻ እንድትፈተን እንደሚነጋገሩ ነገሩን። ደውለው ፈቃዱን እዚያው አገኙላት። ጎደሬውን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተካፍለን በላን።

ከሰዓት፣ ተበላ

ከሚኒባሱ ወርደን በእግር ገባን። ማርታ ግቢያችን ደጃፍ ላይ ስትደርስ "አባባ!" ብላ ጮኸች። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። እናቴ "ማን ነገራት?" ብላ ልትቆጣኝ ነበር፤ ማርታ ቀድማ አቀፈቻት። እስኪወጣልን አለቀስን።

ሲበርድልን እናቴ ፊቷን ጠርጋ "ሰኞ ትመለሻለሽ" አለቻት። መጠየቋ ይሁን ማዘዟ አልለየሁም።

"እመለሳለሁ፣ እማዬ" አለች ማርታ። "ግን ከእንግዲህ የሆነውን ሁሉ ንገሩኝ።"