በሐዘን የተዘጋው ድረ ገጽ

ሥራ በጀመርሁበት ቀን ኮምፒውተር አልነካሁም።

ወንድሜ አስማረ በንፋስ መውጫ፣ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ይሠራ ነበር። ማመልከቻ ይተይባል፤ ለትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀት ያባዛል። ጎን ለጎን ደግሞ «የጋይንት ባና» በሚል ድረ ገጽ ባና ይሸጣል። ባና ከበግ ፀጉር ተፈትሎ የሚሸመን ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ነበር። ና ሥራ ተማር አለኝ። ሸሚዜን አጥቤ ሄድሁ። ወንበር ይሰጠኛል ብዬ ነበር።

«ገበያ ውጣ» አለኝ። «ባና የሚሸጥበት ቁምና ሰው ሲጠይቅ ስማ።»

«ምን ልስማ፣ ጋሼ?»

«ሻጩ የሚለውን ተወው። ገዢው የሚለውን አምጣልኝ። ሳታሳምር፣ እንዳለ።»

ፀሐይ ላይ ቆምሁ። ሻጮቹ «ድርብ ነው፤ የጥቁር በግ ነው፤ እጁ ጥሩ ሸማኔ የሠራው ነው» ይላሉ። ገዢዎቹ ግን ይህን አይጠይቁም። «ልጅ አያሳክክም?» አለች አንዲት እናት። «ሲታጠብ አያጥርም?» አለ ሌላው። «ሽታው ይለቃል?» ያለም ነበር። ተመልሼ የሰማሁትን ነገርሁት። አስማረ እየሰማ ይተይብ ነበር። በሳምንቱ ድረ ገጹ ላይ «ሕፃን የማያሳክክ ባና» የሚል አዲስ ገጽ አየሁ። አርዕስቱ የዚያች እናት ቃል ነበር።

የሥራው መጀመሪያ ይህ ነው። ሰው ስልኩ ላይ የሚጽፈው ገበያ ላይ የሚጠይቀውን ነው። ቃሉን ሲጽፍ፣ መፈለጊያው ከኢንተርኔት ገጾችን ለቅሞ በተራ ይደረድርለታል። ሰው የሚከፍተው ከላይ ያሉትን ነው። ታች የቀረ ገጽ የሚያየው የለም። ስለዚህ ገጽ አዘጋጅ መጀመሪያ ጥያቄውን ማወቅ አለበት፤ ከዚያ ጥያቄውን በትክክል መመለስ አለበት። አስማረ ከዚህ ሌላ ምሥጢር አላስተማረኝም።

አባታችን መሪጌታ ናቸው። እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ በደብራቸው ያስተምራሉ፤ ያርሳሉም። አንድ ቀን ወደ ሱቁ ገቡ። አያ ሞላ የሚባሉት ሸማኔ ባና አስረክበው ተቀምጠው ነበር። አባቴ ኮምፒውተሩን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ገዢው የት ነው?»

«አዲስ አበባ ነው፣ አባ» አለ አስማረ።

«ባናውን በእጁ ሳይዳስስ ይገዛል?»

«ሳይዳስስ።»

«እንግዲህ ወይ ገዢው ሞኝ ነው፣ ወይ ልጄ ሌባ ነው።»

አያ ሞላ ሳቁ። «መሪጌታ፣ ሞኙማ ገንዘቡን ልኳል። ሌባው ደግሞ ባናውን አውቶቡስ ላይ ጭኗል። አሁን ማንን እናውግዝ?»

አባቴም ፈገግ አሉ። ግን አላመኑበትም።

ያመኑበት ሌላ ቀን ነው። አስማረ ሰዎች በየወሩ መፈለጊያው ላይ ምን እንደሚጽፉ የሚያሳይ መስመር ኮምፒውተሩ ላይ ነበረው። «ብርድ ልብስ» የሚለው ቃል ክረምት ሲቃረብ ሽቅብ ይወጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይወርዳል። በሠርግ ወራት እንደገና ይነሣል። «ዝናብ ከገባ በኋላ መጻፍ ዋጋ የለውም» አለኝ። «መፈለጊያው አዲስ ገጽ አይቶ እስኪያምነው ጊዜ ይወስዳል። የክረምቱን ገጽ ከፋሲካ ቀጥሎ እንጽፈዋለን።» አባቴ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል። «ይህስ እርሻ ነው» አሉ። «ማሳውን ቀድሞ ያላለሰለሰ ዝናብ ሲመጣ ምን ይሠራል?» ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሌባ አልተናገሩም።

ቀጥሎ የስልክ ዘመን መጣ። መጀመሪያ ደንበኞቻችን መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ሆነው ነበር የሚያዩን። አስማረ የጎብኚዎችን መግለጫ ሲያይ፣ ብዙው ሰው በስልክ እየገባ ገጹ ሳይከፈት እንደሚወጣ አወቀ። ፎቶዎቻችን ከባድ ነበሩ። ርካሽ ስልክ ሰጥቶኝ ከከተማው ወጣ ብዬ፣ ኔትወርክ ደከም ከሚልበት ዳገት ሥር እንድቆም አደረገኝ። «ገጹን ስትነካ ትንፋሽህን ያዝ» አለኝ። «ሳይከፈት ትንፋሽ ካጠረህ ፎቶው ይቀነሳል።» ደጋግሜ ትንፋሽ አጠረኝ። እሱ ፎቶ እየቀነሰ ይደውላል፤ እኔ እንደገና እይዛለሁ። በመጨረሻ ትንፋሼን ሳልጨርስ ግራጫዋ ባና ስልኩ ላይ ብቅ አለች። ደውዬ «ተከፈተ» አልሁት። «እንግዲያው ተንፍስ» አለኝ።

እስከ ዛሬ በዚህ መንገድ ነው የምፈትነው።

ስለ አስማረ ሕመም ብዙ አልጽፍም። አጭር ነበር። ባሕር ዳር ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያ ይዘነው መጣን። በሕይወት አልነበረም።

ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጠራ። የእሱ ስልክ ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነበር። ድረ ገጹ ላይ ያለው ቁጥር ያ ነበር። እናቴ ጥሪውን ታውቀዋለች። ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«አስማረ ነው?» አለች።

ሴቶቹ ይዘው አስቀመጧት። እኔ ወጥቼ አነሣሁት። አንዲት ሴት ናት። «አስማረ፣ ያች ግራጫዋ ባና አለች እንዴ?» አለችኝ። ምን ብዬ እንደ ዘጋሁባት አላስታውስም።

አባቴ ማታውን ጠሩኝ። «የሐዘን ቤት አይነገድበትም። እስከ ተዝካሩ ዝጋ።»

«ሱቁን ዘግቻለሁ፣ አባ።»

«ያንንም ዝጋ። ሰው ልጄን በስልክ እየጠራ አይግዛ። እናትህ አትችለውም።»

ድረ ገጹን ከኢንተርኔት አነሣሁት። ገጾቹ ሁሉ ጠፉ። በቦታቸው አንድ ጥቁር ገጽ አቆምሁ። የአስማረ ፎቶ አለበት፤ ከሥሩ «በሐዘን ምክንያት ተዘግቷል» ይላል። ለቅሶ የመጡ ጓደኞቹ ስልካቸው ላይ አይተው ደግ አደረግህ አሉኝ። በእኛ አገር ወጉ ይህ ነው። የሞተበት ሰው በሩን ይዘጋል፤ ደንበኛውም አውቆ ይጠብቀዋል። ከተዝካር በኋላ ሲከፍት እንዲያውም ሊያጽናናው ይመጣል።

ተዝካሩ ወጣ። ሱቁን ከፈትሁ። ድረ ገጹንም ከፈትሁ። በጥቁሩ ገጽ ቦታ ፎቶዎቹን መለስሁ፤ ለገጾቹ ግን አዲስ አድራሻ ሰጠኋቸው፤ የድሮዎቹ የተዝረከረኩ መስለውኝ ነበር። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ።

አልጠራም።

ክረምቱ እየቀረበ ነበር። በሌላ ዓመት ቢሆን በዚያ ወቅት ስልኩ እህል አያስቀምስም። «ባና» ብዬ ብፈልግ እኛ የለንም። ከላይ የነበርንበት ቦታ ላይ ከፋብሪካ የወጣ ብርድ ልብስ የሚሸጡ ተቀምጠዋል።

አያ ሞላ መጡ። ሸማኔዎቹ የሚልኩት እሳቸውን ነው።

«ባናው ጎጆ ሞላ» አሉኝ። «ስልኩ ምን ሆነ? ከወንድምህ ጋር ቀበርኸው እንዴ?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም ደነገጡ።

«አፌ ይቆረጥ» አሉ። «ሆድ ብሶኝ ነው። ስማ ልጄ፣ ነጋዴ መጥቶ ባናችንን በወደቀ ዋጋ ልውሰድ እያለ ነው። ሰዎቹ እንስጠው ይላሉ። እኔ እስከ ሰኔ ሚካኤል ታገሡ ብያቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ አንተም ሌላ ሥራ ፈልግ፣ እኛም ሌላ ደጅ እንጥና።»

ሸማኔዎቹ ከሄዱ የአስማረ ሥራ አለቀ ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚቀረው ማባዣ ማሽን ብቻ ነው።

በዚያው ሳምንት አባቴ መጡ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኋቸው። ኮምፒውተሩን አዩና «ስሙን ጻፈው እስቲ» አሉኝ።

«የማንን፣ አባ?»

«የልጄን።»

«አስማረ» ብዬ ከባናው ስም ጋር ጻፍሁ። ድሮ ይህን ስንጽፍ ፎቶው ከነፈገግታው ይመጣ ነበር። አሁን ሌሎች አስማረዎች መጡ። የእኛው የለም። አባቴ ፊደሉን እየለቀሙ እስከ ታች አነበቡት።

«በቅዳሴ ስሙ ይጠራል» አሉ። «እዚህ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መልሰው።»

ባሕር ዳር ሰላም የምትባል ልጅ አለች። ድረ ገጽ ሥራ ላይ አስማረን የምትመክረው እሷ ነበረች። ደወልሁላት። ሁሉን አስወራችኝ።

«አንተዬ» አለችኝ፣ «መፈለጊያው እኮ ለቅሶ አያውቅም። እየተመላለሰ ገጹን ያያል። ሲያጣው ሐዘን ላይ ናቸው አይልም፤ ጠፉ ይላል። ከዝርዝሩ ያወጣሃል።»

«ከፍቼዋለሁ እኮ።»

«በአዲስ አድራሻ! ሰው ወደ ቤትህ በለመደው መንገድ መጥቶ ግድግዳ ነው የሚያገኝ። ያ ሁሉ ዓመት የተገኘ እምነት የድሮው አድራሻ ላይ ነው ያለው። የአስማረ ቅጂ የለህም?»

«እሱ ያስቀመጠው ፍላሽ ላይ አለ።»

«እንግዲያው እንደ ነበረ መልሰው። አንድ ነገር አታሳምር።»

አታሳምር ያለችውን ቃል አውቀዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን እሱ ያለኝ ነበር።

ገጽ በገጽ መለስሁት። መብራት ይሄዳል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፤ እጠብቃለሁ፤ እቀጥላለሁ። አርዕስቶቹን አንድ በአንድ ሳነብ እሱ ሲናገር የምሰማ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዱ ገጽ ላይ እያለቀስሁ ሠርቻለሁ። ከዚያ ገጻቸው ላይ ወደ እኛ የሚያደርስ ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) አድርገው የነበሩትን ጠየቅሁ። አንድ የእንግዳ ማረፊያና አንድ የእጅ ሥራ ሱቅ ነበሩ። ማስፈንጠሪያው ሙት ሆኖባቸው ነቅለውት ኖሯል። ስነግራቸው አዘኑ፤ መለሱት።

ሰላም አንድ ነገር ጨመረችልኝ። «አሮጌው ብቻ አይበቃም። ሰው ዘንድሮ ምን እየጠየቀ እንደሆነ እይ።» አየሁ። ባና የገዙ ሰዎች «ባና እንዴት ይታጠባል» እያሉ ይፈልጉ ነበር። የሚመልስላቸው ገጽ አጣሁ። በእኛም ላይ አልነበረም። ሰዉ ደግሞ ከማንበብ ይልቅ አጭር ቪዲዮ ማየት ጀምሮ ነበር።

እናቴ ከለቅሶው ወዲህ ብዙ አትናገርም። «እማ፣ ባና ሲታጠብ አሳይኝ» አልኋት። «ለማን?» አለች። «ለማያውቁት» አልኋት። ነጠላዋን አስተካክላ ገንዳው አጠገብ ተንበረከከች። «ሙቅ ውኃ አታድርጉበት፤ ይኮማተራል» አለች። «አትጭመቁት። በእጃችሁ ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውኃውን አስወጡት። ፀሐይ ላይ ሳይሆን ነፋስ ላይ አስጡት።» እጇን ብቻ ቀረጽሁ። አስማረ ያስተማረኝን አልረሳሁም፤ ቪዲዮውን አቀለልሁትና ዳገቱ ሥር ሄጄ ትንፋሼን ይዤ ፈተንሁት።

ሰኔ ሚካኤል ደረሰ። ስልኩ አልጠራም። ከሸማኔዎቹ ገሚሱ ባናቸውን ለነጋዴው ሰጡ። አያ ሞላ አልሰጡም። «እኔ እንኳ ያረጀሁ ነኝ፤ የት እሄዳለሁ» አሉኝ። ተቀምጠው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝናቡን ያዩ ነበር።

ስልኩ የጠራው ከዚያ በኋላ፣ ክረምቱ ከገባ ወዲያ ነው። የደወለችው አንዲት የማላውቃት ሴት ናት፤ ባና እንዴት እንደሚታጠብ ስትፈልግ የእናቴን እጅ አግኝታ፣ ከዚያ ወደ ባናዎቹ ገብታለች። «አስማረ ነህ?» አለችኝ።

በሐዘኑ ሰሞን እንዲህ ሲሉኝ «የለም» ብዬ እዘጋ ነበር። አሁን ግን እናቴ አጠገቤ ሆና እየሰማችኝ ነው።

«ወንድሙ ነኝ» አልሁ። «እሱ አርፏል። ሥራው አለ። ምን ልታዘዝ?»

አያ ሞላ የመጀመሪያዋን ባና ራሳቸው አጥፈው ጠቀለሉ። ለአውቶቡሱ ረዳት ሲሰጡት «እንዳታረጥባት፣ የሙት ልጅ ናት» አሉት። ረዳቱ አልገባውም። እኔ ገባኝ።

ያን ክረምት እንደ ድሮው አልሸጥንም። ወደ ቀደመው ቦታችን የቀረብነው የሠርጉ ወራት ሲመጣ ነው። ከሄዱት ሸማኔዎች አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ ቀሩ።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አስጠሩኝ።

«ዛሬ ሱቁን ዝጋ» አሉኝ። ከዚያ ጨመሩ። «ያንን አትዝጋ። ላዩ ላይ ሐዘን ላይ ነን ብለህ ጻፍ፤ ዕቃው ነገ ይላካል በል። ስሙን ከነፎቶው ተወው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ዛሬ ይህን ሥራ ለሚጀምሩ የምነግረው ይህንኑ ነው። ስታዝኑ በራችሁን ዝጉ። ገጻችሁን ግን ክፍት ተዉት፤ አድራሻውንም አትለውጡ። ደንበኛ ይጠብቃችኋል፤ መፈለጊያው አይጠብቅም።