ኪዳን የሚሰማበት ሰፈር

ልጅ እያለሁ ጥሩ ሰፈር የምለው ሰኞ ማክሰኞ የሚያጫውት ደልዳላ መሬት ያለውን ነበር። ላሊበላ የተወለደ ሰው በዚህ አይስቅም። የእኛ ሰፈር ከቤተ ክርስቲያኖቹ በላይ ዳገቱ ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር የወረወርነው ጠጠር ሁሉ ቁልቁል ይንከባለላል፤ የጨርቅ ኳሳችን ካመለጠችንማ የምናገኛት ከሦስት ቤት በታች፣ የሰው ጎመን መደብ ውስጥ ነው። ቤታችን የድሮ ክብ የድንጋይ ቤት ነበር። ከታች በቅሎዎቹ ያድራሉ፣ ከላይ እኛ፤ በወለሉ ስንጥቅ የሚወጣው የበቅሎ ትንፋሽና የገለባ ሽታ ክረምቱን ያሞቀናል። ዛሬ ይኼን ሳወራ አፍንጫውን የሚይዝ አለ። እኔ ግን እስከ አሁን ገለባ ሲሸተኝ እንቅልፌ ይመጣል።

አባቴ ባለበቅሎ ነበር፤ እንግዳ እያፈናጠጠ ወደ ተራራው፣ ወደ አሸተን ማርያም ያወጣል። ከእኛ ጋር የእናቴ አባት ይኖሩ ነበር፤ ሁላችንም አባባ ነበር የምንላቸው። ዓይናቸው የጠፋው እኔ ሳልወለድ ነው። ታዲያ የሚያሳዝኑ ሰው ናቸው ብሎ የሚያስብ ካለ ንጋት ላይ መጥቶ ባያቸው! በቀኝ እጃቸው በትር፣ በግራቸው የመንገዱን ካብ እየዳሰሱ ደረጃውን ይወርዳሉ፣ የጎረቤቱን አጥር ታከው ይታጠፋሉ፣ ከዚያ ለኪዳን፣ ለጠዋቱ ጸሎት፣ ከማንም ቀድመው ይደርሳሉ። ካቡ እጃቸው በሚያርፍበት ቁመት ልክ ለስልሶ ነበር። እናቴ አንዳንዴ እኔን ከኋላቸው ስትልከኝ ኮቴዬን ሰምተው «ተመለሽ፣ ትወድቂያለሽ» ይሉኛል፤ ዓይን ያላት እኔ፣ የሌላቸው እሳቸው! ለሌላው ነገር ሁሉ የሰው እጅ ይጠብቁ ነበር። ይቺ መንገድ ብቻ የራሳቸው ነበረች።

አራተኛ ክፍል እያለሁ ከጽሕፈት ቤት የመጡ ሰዎች በቤተ ክርስቲያኖቹ ዙሪያ ያለነው ሁሉ ለቅርሱ ደኅንነት ሲባል እንደምንነሣ ነገሩን። ምትክ ቦታ ሦስት ሥፍራ ተዘጋጅቷል፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ መርጦ በጥር ውስጥ ያስመዝግብ ተባለ። አንደኛው ከከተማው መውጫ፣ ወደ ጋሸና በሚሄደው መንገድ ዳር ነበር። ሁለተኛው ከታች፣ ቦኖ ውሃ አጠገብ። ሦስተኛው ከሸለቆው ማዶ ያለ ጉብታ ሲሆን ከድንጋይና ከቁልቋል በቀር ምንም አልነበረውም። ጎልማሳው ሁሉ ባንድ ጊዜ የሰፈር ሊቅ ሆነ። ማታ ማታ በየደጃፉ አንዱ «መንገድ ያለበት ሀብት አለ» ይላል፣ ሌላዋ «ውሃ የሌለበት ቤት መቃብር ነው» ትላለች። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል እንዲሉ፣ እኛ ልጆቹ ደግሞ ደልዳላ መሬት ልናገኝ ነው ብለን እንጨፍር ነበር።

አባቴ ልቡ መንገድ ዳር ላይ ነበር። ጉልበቱ ዳገቱን እየጠላ መጥቶ ስለነበር በቅሎዎቹን ሸጦ ለሹፌሮች ፉልና ሻይ የሚያቀርብባት አንዲት ክፍል ሊከፍት አስቧል። ከአሥር ጊዜ በላይ በእንጨት መሬት ላይ ሥሎ አሳይቶናል፤ እዚህ ጋ ምድጃው፣ እዚህ ጋ አግዳሚው፣ ይቺ ደግሞ እኔ ተቀምጬ የማጠናባት ጥግ። እናቴ የቦኖውን ትፈልግ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጀሪካን አዝላለቻ። ክርክራቸው ሳቅ ያለበት ክርክር ነበር። አባባን ግን የጠየቃቸው አልነበረም። ዓይነ ስውር ሰው ሰፈር ምን ያደርግለታል ብለን ይሁን ወይ ረስተናቸው፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ገና ሊደርስ ሲል አንድ ምሽት እራት ላይ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ለመሆኑ ከሦስቱ ኪዳኑ የሚሰማበት የትኛው ነው?» እናቴ ወደ አባቴ አየች። «መሄዱስ ቀረ» አሉ ቀስ ብለው፣ «መስማቱ እንዳይቀር ብዬ ነው እንጂ።» እናቴ ጎንበስ አለች። አባቴ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ለአማቱ ተቀምጦ አይናገርም ነበርና ተነሥቶ ቆመ። «እኔው ራሴ ይዤዎት እሄዳለሁ፤ እርስዎ የሰሙበት ቦታ ይሆናል» አላቸው።

ከገና በፊት ያሉት ቀናት ለባለበቅሎ የመኸር ቀናት ናቸው፤ ከተማው በምእመንና በእንግዳ ተጨናንቆ አባቴ ለመቀመጥ እንኳ ፋታ አልነበረውም። ስለዚህ የሄድነው በበዓሉ ማግስት ነው። ሦስት ጠዋት ተከታትለን፣ አባባን በቅሎ ላይ አስቀምጠን፣ እኔ ነጠላቸውን ይዤ እየተከተልኩ ወጣን። መንገድ ዳር የጭነት መኪና ሞተር ሁሉንም ዋጠው። ቦኖው ጋ ኮረብታው ድምፁን ከልሎት አንድ ቃል ብቻ፣ እሱም ተቆርጦ ይመጣል። ሦስተኛው ቀን ጉብታው ላይ ስንወጣ ግን የካህኑ ድምፅ ሸለቆውን ተሻግሮ እንዳለ መጣ፤ ቃል በቃል ይሰማል። አባባ ከበቅሎው ሳይወርዱ ቆባቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ። እንባቸው በጺማቸው ላይ ሲወርድ አየሁ። አባቴ ቁልቋሉን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ አንዴ ብቻ ዞር ብሎ ወደ መንገዱ አቅጣጫ ተመለከተ። «በቃ፣ ይኸው ነው» አለ። በዚያው ሳምንት ሄዶ ጉብታውን አስመዘገበ።

ቤቱ ተሠርቶ የገባነው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ነቅቼ ጆሮዬን አቆምኩ። ነፋስ አለ፣ ወፍ አለ፣ የሩቅ ውሻ አለ፤ ኪዳን የለም። ለካ በዚያ በገና ሰሞን የሰማነው፣ ለበዓሉ ሕዝብ ሲባል ውጭ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ ኖሯል። በዓሉ አለቀ፣ ማጉያው ወረደ፣ ካህኑም እንደ ወትሮው በገዛ ድምፃቸው ከድንጋዩ ውስጥ ይጸልያሉ። ገናን ዕድሜ ልካችንን ስናከብር የኖርን ሰዎች፣ ሰፈራችንን በበዓል ሰሞን መረጥን።

ይኼን ገና በልቤ እያብላላሁ ሳለ አባባ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው አማተቡ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ነበር። «ተሰማዎት?» ሲላቸው «ጥርት ብሎ!» አሉት። አባቴ ፊቱ በራ። እኔም ዓይን የነሳ አምላክ ጆሮውን ደርቦ ሰጥቷቸው ነው ብዬ አመንኩ። በማግስቱም በሰልስቱም ልክ በሰዓቱ ተነሥተው አማተቡ። አባቴ በዚያ ልቡ ሞላ። በቅሎዎቹ ላይ ጀሪካን ጭኖ ያንን አቀበት ሲወጣ ሰው ቢያዝንለት «ውሃ ባይኖረን ኪዳን አለን» ይል ነበር።

ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድ ይባላሉ፤ እንደኛው ከከተማው የተነሡ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የቤቶቻችን ግድግዳ ተያይዟል፤ ከአባባ አልጋ ራስጌ በኩል የእሳቸው ጓሮ ነው። አንድ ጊዜ ዕቃ ለማምጣት ደሴ ወርደው ሰነበቱ። በዚያ ሰሞን ነው ጉዱ የወጣው። ጠዋት ስነሣ ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ከአባባ እጅ ላይ አርፏል፤ እሳቸው ግን አላማተቡም። ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አዘንብለው ይጠብቃሉ። አባቴ በር ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ከዚያ የፀሐዩ ሙቀት ተሰማቸው መሰለኝ እጃቸውን ገለበጥ አደረጉ፣ ደነገጡ፤ ጮክ ብለውም «ወይ ጉድ፣ ዛሬስ እንቅልፍ ጣለኝ!» አሉ። አባቴ ወጥቶ ወደ በቅሎዎቹ ሄደ።

ብቻችንን ስንቀር ጠጋ ብዬ «አባባ፣ ይሰማዎታል ግን?» አልኳቸው። ከዚያ እጄን ፈልገው ያዙ። «አልሰማሁም ሆዴ። ከገባንበት ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አልሰማሁም።» የሚነሡት ጋሼ ሰይድ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲታጠቡ ውሃው ከማንቆርቆሪያው ሲንቆረቆር እየሰሙ ነበር። «ሰዓቱ ያው ነው፤ የሰይድ ውሃ አታሳስትም። አንድ አምላክ ነው ብዬ በሷ እነሣለሁ» አሉኝ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ሰውየው ያቺን የሚሥላትን ቤት ለእኔ ብሎ ነው የተዋት። አልሰማሁም ብዬ ብነግረው ምን ይሆናል?» ማርያምን ብዬ ማልኩላቸው።

የአሥር ዓመት ልጅ ምን ታደርጋለች? እናቴን በዘወርዋራ ቦታ መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቅኋት፤ መንገድ ዳሩ ሞልቶ ቤት ተሠርቶበታል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም አለችኝ። እሁድ ከእናቴ ጋር ከተማ ወርጄ ስንሳለም የአባቴን የቻይና ስልክ ነጠላዬ ሥር ደብቄ ኪዳኑን ቀዳሁት። ረቡዕ ጠዋት አባባ ከመንቃታቸው በፊት ጆሯቸው ሥር አስቀምጬ ከፈትኩት። ቀና አሉ፤ ለቅጽበት ያህል ፊታቸው ሌላ ሰው ሆነ። ሲያዳምጡ ቆይተው መሀሉ ላይ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ፤ ያኔ ገባቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉኝ፤ ራሴን ዳሰሱኝ። «ይኼ ግን የእሁድ ነው ልጄ። ዛሬ ረቡዕ ነው።» ስልኩን አጠፋሁት። ሁለተኛ አልሞከርኩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለእኔ ከባድ ነበር። አባቴ እኔንም ይጠይቀኝ ጀመር፤ በቅሎ እየጫነ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «አባባ ዛሬ ሰሙ?» ይለኛል። «ሰሙ» እላለሁ። እኔ የማውቀው ውሸት ድስት ሰብሮ በጓደኛ ማሳበብን ነበር፤ ይኼኛው ምን እንደሚባል አላውቅም። ጋሼ ሰይድ ዕቃ ሊያመጡ ሲሄዱ ገና ጨለማው ሳይለቅ እየነቃሁ የአባባን እጅ ጫን አደርግ ነበር፤ እሳቸውም ያማትባሉ። በሁለተኛው ክረምት ሳል ጀመራቸው። አባቴ በቅሎ ላይ ደግፎ አንድ ቀን እንኳ ኪዳን ላድርስዎት ብሎ ለመናቸው፤ «እዚሁ እየሰማሁ ምን አስኬደኝ?» አሉት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አፌን ከፈትኩ፣ ደግሞ ዘጋሁት። መስከረም ሳይጠባ አረፉ። ብናገር ኖሮ አንድ ቀን ይሄዱ ነበር ይሆን? ይኼ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አሁን ያ ጉብታ የሰው ሁሉ ምኞት ሆኗል። ውሃው ገባ፣ መንገዱ ወጣ፣ ደላሎች «ንጹሕ አየር፣ ጥሩ ጎረቤት» እያሉ ያስጎበኙታል። አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል፤ ማጉያው እንደ ጉድ ይጮኻል፣ ተከራዮች መስኮት ይዘጋሉ። እኔ ደሴ ነው የምኖረው። ቤት ስከራይ ሰፈሩን የማየው በተራ ቀን፣ በማክሰኞ ወይ በሐሙስ ነው፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፤ ምክንያቱን ነግሬያቸው አላውቅም።

አምና አገር ቤት ገብቼ ሳለ ጠዋት ማጉያው ሲጀምር ተነሥቼ ስወጣ አባቴን ደጃፉ ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጦ አገኘሁት። አርጅቷል፤ በቅሎዎቹ ከተሸጡ ቆይተዋል፤ ያቺ የሻይ ቤት ሳትከፈት ቀርታለች። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ኪዳኑን እስከ መጨረሻው አዳመጥነው። ከዚያ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ጠየቀኝ።

«የገባን ዕለት ጠዋት እኔም ወጥቼ አዳምጬ ነበር» አለኝ። «ምንም አልነበረም። አንቺ አብረሻቸው ነበር የምትተኚው። እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ አንድ ቀን እንኳ ሰምተው ያውቃሉ?»

ዓይኖቹ ዓይኖቼን ይለምኗቸው ነበር።

«ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማቸው» አልኩት።

ከዚያ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበና ራሱን ነቀነቀ። «ደግ» አለ፣ «ለእኔም ልክ እንዲሁ ነበር የሚሉኝ።»